ለእናቴ በቁሟ የተጠራ ቅሬ

«ሰብር አድርጊ» የሚለውን ቃል የጠላሁት እናቴ በወደቀች በስድስተኛው ወር ነው። ከዚያ በፊት እኔም ለሰው እለው ነበር። ለቅሶ ቤት እገባለሁ፣ የሐዘንተኛዋን ትከሻ ያዝ አደርጋለሁ፣ «አብሽሪ፣ ሰብር አድርጊ» እላለሁ፣ ንፍሮዬን ቆርጥሜ ወደ ስፌት መኪናዬ እመለሳለሁ። ቃሉ ምን ያህል ባዶ እንደሆነ የገባኝ ቀን በቀን ለእኔው ይነገረኝ ሲጀምር ነው።

እናቴ ከውጫሌ በላይ፣ ከአምባሰል ተራራ ሥር ባለች መንደር ነበር የምትኖረው። አንድ ጠዋት ከበረቱ ደጃፍ ወድቃ ተገኘች። ቀኝ ጎኗ አልታዘዝ አላት፣ አንደበቷም ተያዘ። ደሴ ወስደን ሁለት ሳምንት ካስተኛናት በኋላ ሐይቅ ከተማ፣ እኔ ቤት አመጣኋት። ሦስት ወንድሞች አሉኝ። ሦስቱም ሩቅ ናቸው፣ ሦስቱም በስልክ ጥሩ መካሪዎች ናቸው። አንዱ «ማር በጥቁር አዝሙድ ስጫት» ይለኛል። ሌላው «ቁርኣን ይቀራባት» ይላል። ሦስተኛው «አንቺማ ታድለሽ፣ ጀነትሽን ቤትሽ ድረስ አመጣልሽ» ሲለኝ ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። ለሁለት ወር አላናገርኩትም።

ከስትሮኩ በኋላ ከእናቴ አፍ የተረፈው አንድ ቃል ብቻ ነበር፦ «ወግጂ!» ሲርባት ወግጂ፣ ስትጠግብ ወግጂ፣ ደስ ሲላትም ወግጂ። ለወንዱም ለሴቱም ያው ነው። ሐኪሙ እንዲህ ያለ ነገር ያጋጥማል አለ፤ ሌላው ሁሉ ጠፍቶ አንድ ቃል ይቀራል። ከቃል ሁሉ ይኼ መትረፉ አልገረመኝም። እናቴ በጤናዋም ቁጡ ነበረች፤ እኔም ቁጣዬን የወረስኩት ከእሷ ነው።

ጭንቄ ሁሉ ቁስሉ ነበር። በአምስተኛው ወር ከወገቧ ዝቅ ብሎ ቆዳዋ ቀላ፣ ከዚያ ተላጠ፣ ከዚያ የብርጭቆ አፍ የሚያህል ጉድጓድ ሆነ። የጤና ጣቢያዋ ነርስ መጥታ ስታየው ፊቷ ተለወጠ። «በየሁለት ሰዓቱ ካልተገላበጠች ይኼ አጥንት ይደርሳል» አለችኝ። «አጥንት ከደረሰ ደሟን ይመርዘዋል። ከዚያ በኋላ እኛ የምናደርግላት የለም።» እናቴ ከባድ ሴት ናት፤ ብቻዬን ላገላብጣት ስታገል ወገቤ ይቆረጣል፣ እሷም ትጮሃለች። ቀንም ሌሊትም በየሁለት ሰዓቱ እንዴት ብዬ? ነርሷ «ማን ያግዝሻል?» አለች። «ማንም» አልኳት። «ሰው ፈልጊ» ብላ ቦርሳዋን ዘጋች።

እሺ ብዬ ሰው ፍለጋ ወጣሁ። መጀመሪያ ወደ ማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮ ሄድኩ። ጠረጴዛው ላይ የነበረው ሰው ከሐኪም ቤት ደብዳቤ አምጪ አለኝ፤ ሐኪም ቤት ደግሞ ከቢሮው ደብዳቤ አምጪ አሉኝ። ሁለቱንም ይዤ ስመለስ ሰውየው ፈገግ ብሎ ተቀበለኝና ዊልቸር ከሚጠብቁ ሰዎች ዝርዝር ውስጥ አስገባኝ። እናቴ መቀመጥ አትችልም፣ የምፈልገው የሰው እጅ ነው ብዬ ባስረዳው፣ የሰው እጅ የሚሞላበት ቅጽ የለንም አለ። መቀመጥ ለማትችል ሴት ዊልቸር አስመዝግቤ ወደ ቤቴ ገባሁ። ሠራተኛ ቀጠርኩ፤ የእናቴን «ወግጂ» የምር ወስዳው በሁለተኛው ቀን ሻንጣዋን ይዛ ሄደች። ከአምባሰል ዘመድ ማር ይዞ ይመጣል፣ አልጋው ሥር ተቀምጦ ያለቅሳል፣ እኔ እራት አበስልለታለሁ፣ ፍራሽ አነጥፍለታለሁ፣ በማግሥቱ «ሰብር አድርጊ» ብሎኝ መኪና ይሳፈራል።

የቀረኝ ቅሬው ነበር፤ እሱም ከእኔ ጋር ተኳርፏል። ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንለዋለን። እኛ ሰፈር ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ቅሬው አንድ ነው። ሰው ሲሞት ጠሪው በየመንገዱ እየጮኸ ያልፋል። ያን ጊዜ ወንዱ ድንኳን ይተክላል፣ መቃብር ይቆፍራል፤ ሴቷ ንፍሮ ትቀቅላለች፣ ውኃ ትቀዳለች፤ ሦስት ቀን ሙሉ ሐዘንተኛውን ብቻውን አይተውትም። የቀረ ሰው መዝገብ ላይ ይያዛል። እኔ ሁለት ለቅሶ ቀርቻለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ከእናቴ ጎን ነበርኩ። የቅሬው ዳኛ፣ መዝገባቸው ከብብታቸው የማይለይ ሽማግሌ፣ ደጄ ድረስ መጥተው «ልጄ፣ ሦስተኛ ከቀረሽ ደንቡ አይምርሽም» አሉኝ። ግቡ አላልኳቸውም። እሳቸውም እናትሽ እንዴት ናት አላሉኝም። ወይም ብለው ይሆናል፤ ያን ሰሞን ጆሮዬ ደግ ነገር አይሰማም ነበር።

ያቺ ጠዋት የመጣችው በዚህ መሀል ነው። ፍራሹን ሽንት ዘልቆት ቤቱ ይሸታል። እናቴን እንደምንም ጎትቼ ጓዳ ውስጥ ሌላ ፍራሽ ላይ አስተኛኋት። ከዚያ ከሳሎኑ አልጋውን ፈታትቼ አወጣሁ፣ ፍራሹን አወጣሁ፣ አግዳሚውን፣ ሣጥኑን፣ ምንጣፉን ሁሉ ግቢ ደረደርኩት። ወለሉን በሳሙና ፈተግሁት። ስጨርስ ሻሼ ተፈቶ ወገቤ ላይ ታስሯል፣ እግሬ ጭቃ ነው። ባዶ መሬት ላይ ቁጭ አልኩና ጀርባዬን ግድግዳው ላይ ጥዬ አለቀስኩ። የሐዘን ልቅሶ አልነበረም፤ የንዴት ነበር። ከአጥር ማዶ ላለ ሰው ግን ይኼ ከየት ይታወቃል?

ከአጥሩ ማዶ ክርስቲያን ጎረቤቴ አለች። ከልጅነታችን ጀምሮ የምንተዋወቅ ደግ ሴት ናት፤ ችኮላዋ ግን አይጣል ነው። በአጥሩ ቀዳዳ ስታይ የቤቱ ዕቃ ወጥቷል፣ አልጋው ፈርሷል፣ እኔ ሻሼን ወገቤ ላይ አስሬ መሬት ላይ አለቅሳለሁ። እኛ አገር ዕቃ እንዲህ ተጠራርጎ የሚወጣው ለለቅሶ ቦታ ሲለቀቅ ነው። መጥታ ልትጠይቀኝ አላሰበችም፤ ሐዘንተኛን «ሞተች ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። በቀጥታ ወደ ጠሪው ሮጠች።

እኔ በዚያው በተቀመጥኩበት እንቅልፍ ይዞኝ ሄዷል። ስነቃ አንዲት ሴት አንገቴን አቅፋ ትንሰቀሰቃለች። ግቢው በሰው ተሞልቷል። ወንዶቹ የድንኳኑን ብረት ያቆማሉ፣ ከበሩ በኩል የንፍሮ ድስት ይገባል፣ ዳኛው መዝገባቸውን ገልጠው የመጣውን ይጽፋሉ።

«ምንድን ነው?» አልኩ።

«አብሽሪ እህቴ» አለችኝ ያቀፈችኝ ሴት። «ሰብር አድርጊ። አላህ ወሰዳት እንግዲህ።»

አመንኳት። ተኝቼ ሳለሁ እናቴ ሞታ፣ ሰው ሰምቶ እኔ ሳልሰማ የቀረሁ መሰለኝ። ያኔ መጀመሪያ የተሰማኝን እውነቱን ልናገር። እፎይታ ነው የተሰማኝ። ሰውነቴ ሁሉ ላላ፤ ዛሬ ማታ እተኛለሁ ብዬ አሰብኩ። ሐዘኑ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ከሐዘኑም ኋላ እፍረቱ መጣ። ይህን እስካሁን ለማንም አልተናገርኩም።

ከጓዳ በኩል አንድ ጩኸት ተሰማ። «ወግጂ!»

አጣቢዋ ባልዲዋን ጥላ ወጣች። በሰፈራችን የሞቱ ሙስሊም ሴቶችን ሁሉ ለሠላሳ ዓመት ያህል ያጠበች አሮጊት ናት። ውኃዋን ቀድታ፣ ቢስሚላህ ብላ ጓዳ ገብታ፣ የአንሶላውን ጫፍ ስትገልጥ እናቴ ዓይኗን አፍጥጣ ጠበቀቻት። ሴትየዋ ደረቷን ይዛ ግድግዳው ላይ ተለጠፈች። «ኧረ በአላህ» አለች፣ «እኔን ነው የምትገድለኝ!»

ግቢው በሳቅ ፈነዳ። «አልሐምዱሊላህ» ይላል አንዱ፣ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል ሌላው። አንዱ ወደ መቃብሩ ቦታ ለሄዱት ጎረምሶች ስልክ ደወለ፤ እስከ ጉልበታቸው ቆፍረው ነበር። ጎረቤቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ማጣፊያው አጠራት። እኔም ስቄያለሁ። ሳቄ የቆመው የድንኳኑ ብረት ሲነቀል ሳይ ነው። ድስቱ ተመልሶ እየወጣ ነው፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ነው፣ ሁሉም ወደየጉዳዩ ሊሄድ ነው። አንዷ በጎኔ ስታልፍ ትከሻዬን ነካ አድርጋ «እንግዲህ ሰብር አድርጊ» አለችኝ።

ሮጬ የግቢውን በር ዘጋሁት። ጀርባዬን ሰጥቼ ቆምኩ።

«ማንም አይወጣም!»

ሁሉም ዞሮ አየኝ። አእምሮዋን ሳተች ብለው እንደሆነ ከፊታቸው ይነበባል።

«ምን ልትሠሩ ነው የመጣችሁት?» አልኩ። «ሦስት ቀን ልትቀመጡልኝ፣ ውኃ ልትቀዱልኝ፣ እናቴን አገላብጣችሁ ልታጥቡልኝ አይደለም? ይኸው ጓዳ ውስጥ ናት። ግቡና አገላብጧት!»

ዳኛው መዝገባቸውን ዘግተው ቀረብ አሉኝ። «ተይ ልጄ። ቅሬው የሚጠራው ለሞት ነው። ደንባችን ስለታመመ ሰው የሚለው የለም። በሽተኛ መጠየቅ የየሰው ፈንታ ነው።»

«ጠያቂማ ሞልቶኛል አባቴ። ይጠይቀኛል፣ ይሄዳል። እኔ አጥቼ የተቸገርኩት የሚያግዘኝን ነው። እዚህ ግቢ ውስጥ ስንት እጅ እንዳለ ይመልከቱ።»

«ቢሆንም ደንብ ደንብ ነው።»

«እንግዲያው ይስሙኝ» አልኩ። ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብዬ ነው። «እናቴ የሞተች ዕለት ማንም እንዳይመጣብኝ። ድንኳናችሁንም ንፍሯችሁንም አልፈልግም። ብቻዬን አጥቤ ብቻዬን እቀብራታለሁ። ያንን ሦስት ቀን አሁን ስጡኝ!»

«አዑዙ ቢላህ!» አለ አንድ ሰው። ሴቶቹ አፋቸውን ያዙ። እኛ አገር ቀባሪ ልጣ ብሎ በራሱ ላይ የሚናገር የለም፤ ለጠላትም እንዲህ ያለ እርግማን ይከብዳል። እኔ ደግሞ በእናቴ ላይ በገዛ አፌ፣ በቅሬው ሁሉ ፊት አልኩት። ምን እንዳልኩ አውቃለሁ። ያን ጊዜ አልተጸጸትኩም፣ ዛሬም አልተጸጸትኩም።

ማን እንደሚንቀሳቀስ ስጠብቅ ጎረቤቴ ነጠላዋን ከፊቷ ላይ አነሣች። «ጥሪው የኔ ጥፋት ነው» አለች። «ሰውን ከሥራው ያስፈታሁት እኔ ነኝ። ውኃውን እኔ እቀዳለሁ።» ከመሬት የአጣቢዋን ባልዲ አንሥታ ሄደች።

ቀጥላ የተነሣችው አጣቢዋ ራሷ ናት። ወደ ጓዳው ልትገባ ስትል አንዲት ሴት ክንዷን ያዘቻት። «ኧረ አይሆንም! አንቺማ እጅሽን በቁም ሰው ላይ አታሳርፊ። ሚልኪው ጥሩ አይደለም።» ሚልኪ ገድ ነው። ሌሎቹም አጉረመረሙ፤ ሬሳ ያጠበ እጅ በሽተኛን ከነካ ሞትን ይጠራል ባዮች ነበሩ።

«የኔ እናት ናት» አልኩ፣ «ሚልኪዋንም እኔ እችለዋለሁ። ግቢ።»

ገባች፣ ተከተልኳት። እናቴ «ወግጂ!» አለቻት። «ወግጃለሁ እቴ፣ አሁን ግን ጎንሽን ስጪኝ» አለቻት አጣቢዋ፣ ከጎኗም ተንበረከከች። ያንን ያየሁትን መቼም አልረሳውም። የእናቴን አንድ ጉልበት አጠፈች፣ ክንዷን ደረቷ ላይ አሳረፈች፣ አንድ እጇን ከዳሌዋ፣ አንድ እጇን ከትከሻዋ ኋላ ሰካች፤ ከዚያ ወደ ራሷ ዘንበል ስትል የእናቴ ገላ በራሱ ክብደት ተከትሏት ዞረ። እናቴ አልጮኸችም። እኔ በወራት ትግል ያልቻልኩትን ሰባ ዓመት ያለፋት ቀጭን ሴት በአንድ ትንፋሽ አደረገችው። ነርሷ አገላብጫት አለችኝ እንጂ እንዴት እንደሆነ አላሳየችኝም። ይህን ዕውቀት በየቢሮው ስፈልግ ስንት ጊዜ ነው የዚህችን ሴት በር አልፌ የሄድኩት?

«ማን አስተማረሽ?» አልኳት።

«ሙታኑ» አለች። «እነሱ አያግዙም። ከባድ ናቸው፣ ግን መጣል ነውር ነው። ቀስ ብለሽ ትለምጂዋለሽ።» ከዚያ ቁስሉን አየች። ወደ ውጭ ተጣርታ ሦስት ሴቶች አስገባች። አያያዙን በየተራ አሳየቻቸው፤ እናቴም በየተራ «ወግጂ» አለቻቸው።

ሦስቱን ቀን ሰጡኝ። ያን ቀን እራት ሰዓት ላይ ተኛሁና እስከ ንጋት ማንም አልቀሰቀሰኝም። በአራተኛው ቀን ማንም አይመጣም ብዬ ስጠብቅ አጣቢዋ በሩን ገፍታ ገባች። «ቁስሉን ሳላየው ልቤ አያርፍም» አለች። ቀኑን በሶላት ሰዓት ከፋፈሉት፤ ከቀትሩ ዙህር እስከ ከሰዓቱ አስር ሶላት አንዷ፣ ከዚያ እስከ ጀምበር መጥለቂያው መግሪብ ሌላዋ። ዓርብ ሙስሊሞቹ ጁምዓ ሲሰግዱ ክርስቲያኖቹ ይመጣሉ፤ እሑድ ጠዋት ክርስቲያኖቹ ቤተ ክርስቲያን ሲሆኑ ሙስሊሞቹ። ሌሊቱን ግማሹን እኔ፣ ግማሹን ጎረቤቴ ያዝነው። ወንዶቹም ፍራሹን ከመሬት ከፍ የሚያደርግ ሰፊ አልጋ ከእንጨት ሠሩልኝ።

ሁሉም ነገር ማር ሆነ ብል ዋሸሁ። የሰለቹ ነበሩ፣ ሳይናገሩ የቀሩ ነበሩ። አንዷ በተራዋ ሳትመጣ ስትቀር ቤቷ ድረስ ሄጄ በራፏ ላይ ተጨቃጭቄያታለሁ፤ ገበያ ነበርኩ ብትለኝ ቁስሉ ገበያ አያውቅም ብያታለሁ። ውለታ ተቀባይ አንገቷን ትደፋለች ይባል ይሆናል። እኔ አልደፋሁም። የለመንኩት ነገር አልነበረምና።

ቁስሉን በልብስ ሰፊ ዓይን እለካው ነበር። የብርጭቆ አፍ የነበረው የካፖርት ቁልፍ አከለ፣ ከዚያ የሸሚዝ ቁልፍ። ሴቶቹ ተራ በገቡ በአራተኛው ወር ነርሷ መጥታ በጣቷ ነካ ነካ አድርጋ «ገጥሟል» አለች። እንደገና ንገሪኝ አልኳት፤ እንደገና ነገረችኝ። አጣቢዋ ወደ ግድግዳው ዞራ ዓይኗን ጠረገች። እናቴ ሁላችንንም «ወግጂ» አለችን።

በዚያው ሳምንት የቅሬው ስብሰባ ነበር። ዳኛው በእናቴ ደስ እንዳላቸው ተናገሩ፣ ደግ ንግግርም አደረጉ። ከዚያ መዝገቡን ገለጡና ቀሪዎችን ማንበብ ጀመሩ። ከእኛ መንገድ ታችኛው ጫፍ፣ ሐይቁ ዳር የምትኖር አንዲት ሴት ሦስት ለቅሶ በተከታታይ ቀርታለች። በደንቡ መሠረት ከቅሬው ልትሰረዝ ነው።

«ለምን ቀረች?» አልኩ።

«እሱን አልተናገረችም።»

«የጠየቃት አለ?»

ከኋላ አንዱ «ባሏ ተኝቷል ይባላል» አለ። ከመቼ ጀምሮ? ዓመት የሚል አለ፣ ሁለት ዓመት የሚል አለ። ፊቴ ጋለ። ሌላውን ለመቆጣት አፌን ከፍቼ ነበር፤ ግን እኔስ? ያችን ሴት በየሳምንቱ በመስኮቴ ሥር ዘይትና ሳሙና ይዛ ስትሮጥ አያታለሁ። የምትሮጠው ለምን እንደሆነ ከእኔ የበለጠ ሊያውቅ የሚገባው ማን ነበር? አንድ ቀን እንኳ ወጥቼ አላናገርኳትም።

«ስሟን አይሰርዙ» አልኳቸው ዳኛውን። «ከሰረዙ የእኔንም አብረው ይሰርዙት። እኔም በዚሁ ምክንያት ነው የቀረሁት።»

ዳኛው እስክሪብቶአቸውን አነሡ። እስኪወስኑ አልጠበቅኩም። ጎረቤቴን በዓይኔ ጠቀስኳት፣ አጣቢዋም ሳልጠራት ተነሣች። ሦስታችን ቁልቁል ወደ ሐይቁ ወረድን።

በሩን አንኳኳን። ቆይቶ ጠበብ ብሎ ተከፈተ። ሴትየዋ እጅጌዋን እስከ ክንዷ ሰብስባለች፣ እጇ እርጥብ ነው፤ ከውስጥ እኔ በደንብ የማውቀው ሽታ ወጣ። ሦስት ሴቶች አብረን ቆመን ስታየን ቀለሟ ጠፋ። ሻሿን በችኮላ ከወገቧ እየፈታች፣

«ማን ሞተ?» አለች። «ጠሪውን አልሰማሁም፣ ወላሂ አልሰማሁም። አሁን እደርሳለሁ፣ እሱን ብቻ ላስተካክለው…»

«ማንም አልሞተም» አልኳት። «ማንም ሳይሞት ነው የመጣነው። ክፈቺልን።»